አያቴ አወጣች፣ የሚቀበላት ግን ጠፋ

ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ግራና። የአክስቴ ልጅ የምትዳርበት ቀን ነው። በጦርነቱ ምክንያት ሲገፋ ሲገፋ የቆየ ሰርግ ስለሆነ ከአዲስ አበባም፣ ከደሴም፣ ከወልድያም ያልመጣ ዘመድ የለም። እኔም ከመርሳ ወደ ግራና የሚወርደውን መንገድ ከረጅም ጊዜ በኋላ ያየሁት ያኔ ነው። ዳሱ ከጠዋት ጀምሮ በዲጄው ስፒከር ይንቀጠቀጣል። ጭፈራው ግማሹ ከቲክቶክ የተለቀመ ነው። ደስ ይላል፣ አልዋሽም፤ እኔም ጨፍሬያለሁ።

ልክ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ልትወጣ ስትል መብራት ጠፋ።

ስፒከሩ ጸጥ አለ። ጀነሬተር ይነሳ ተባለ፤ ጀነሬተሩ አለ፣ ቤንዚኑ የለም። ሙሽራዋ በር ላይ ቆማለች፣ ሚዜዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይኼኔ ከጓዳ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። አያቴ ናት። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል። ሻሿን በአንድ እጇ አስተካክላ፣ ቀስ ብላ እያጨበጨበች፣ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የሚባለውን አወጣች። አንዱን ስንኝ ብላ ቆም አለች። መቆሟ ደክሟት አይደለም። ቀጥሎ ያለው የእሷ ድርሻ ስላልሆነ ነው። የእኛ ተራ ነው።

ሁለት አክስቶቼና አንዲት ጎረቤት ተቀበሏት። ሦስት ሰው። እኛስ? እኛ ስልካችንን አወጣን።

ያን ቀን የቀረጽኩት ቪዲዮ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። መጀመሪያ የምሰማው የአያቴን ድምፅ ነበር። ቆይቶ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ላይ ቀረ፦ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለው ባዶ ቦታ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሦስት ደካማ ድምፆች አሉ፣ የልጆች ጫጫታ አለ፣ ከዚያ ደግሞ በጣም ጎልቶ «ፍላሽ አብሪ፣ ፍላሽ አብሪ» የሚል የእኔው ድምፅ አለ። አያቴ አራተኛውን ስንኝ አላወጣችም። ፈገግ ብላ «ይበቃል፣ ልጅቷን አታቁሟት» አለች።

ማታ እግሯን እያሸሁላት «ቀዳሽው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሙሉውን ቀድቼዋለሁ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

«ጥሩ። እንግዲህ እኔ ስሞት ስልክሽ ያወጣል። ማን ይቀበለዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ቴሌግራም ላይ ብቻችሁን ብትሆኑስ?

በእኛ አካባቢ ያሉ የክብረ በዓል ዜማዎች፣ የሰርጉም፣ የመንዙማውም፣ የነሐሴ ልጃገረዶችም፣ አሠራራቸው አንድ ነው። አንድ ሰው ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይቀበላል። አውጪዋ ስንኙን እንደ ሁኔታው ትቀያይራለች፤ የሙሽራዋን ስም ታስገባለች፣ አማቹን ነካ ታደርጋለች፣ የሞተ ዘመድ ታነሳለች። ተቀባዩ ግን ያው አዝማቹን ይዞ ይቆያል። አዝማቹ አውጪዋ የሚቀጥለውን ስንኝ የምታስብበት ጊዜ ነው። ተቀባይ ከሌለ የምታስብበት ጊዜም፣ የምትደገፍበት ድምፅም የላትም።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ባህል ስጽፍ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ግን ይህን ነገር ለመረዳት የረዳኝ እዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ቀላል ሐሳብ ነው። አንዳንድ ዕቃ አለ፣ ጥቅሙ በራሱ ውስጥ የሌለ። ስልክ ያለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ማን ጋ ይደውላል? ቴሌግራም ላይ ብቻችሁን ብትሆኑ አፑ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ግን በቃ፣ ምንም ነው። ጥቅሙ የሚመጣው ሌሎችም ስላሉበት ነው። አንድ ሰው ሲገባ ለሁሉም ዋጋው ይጨምራል፤ አንድ ሰው ሲወጣ ለሁሉም ይቀንሳል። የመውጣቱ ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ከጀመረ ይፈጥናል። ጓደኞቻችሁ የተዉትን አፕ ለምን ትከፍቱታላችሁ?

ቋንቋም፣ የተቀባይ ዜማም እንዲህ ነው። እኛ «ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው፣ ቶሎ እንቅረጻቸው» እንላለን። ትክክል ነው፣ ይቀረጹ። ግን ዜማ የሚሞተው አውጪው ሲሞት አይመስለኝም። ከዚያ በፊት፣ ተቀባዩ ሲጠፋ ነው። አያቴ ያን ቀን በሕይወት ነበረች፣ ድምፅዋም ነበር፣ ስንኙም አልጠፋባትም። ዜማው ግን በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆመ።

ኦክስፎርድ ያለው ጋፋትኛ

ይህን በአንድ ሰርግ ላይ ብቻ ተነስቼ እንዳልናገር የቋንቋዎቻችንን ታሪክ እንይ።

ጎጃም ውስጥ፣ ከዓባይ ወዲያ፣ ጋፋትኛ የሚባል የሴም ቋንቋ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.አ.አ በ1770ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ እዚህ አገር በነበረበት ጊዜ ማሕልየ ማሕልይ ዘሰሎሞንን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞት ሄደ። ጽሑፉ ዛሬም እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ይገኛል። ከዚያ ወደ 170 ዓመት ቆይቶ፣ እ.አ.አ በ1940ዎቹ፣ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ተናጋሪ ፍለጋ ጎጃም ወረደ። ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ሰው ነው። አራት። ዛሬ አንድም የለም።

ልብ በሉ፣ ጋፋትኛ «ተቀርጿል»። ያውም ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ርዕሱ ራሱ «የመዝሙሮች መዝሙር» የሆነው ክፍል ነው የተቀረጸው። ወረቀቱ በጥሩ ሁኔታ ተቀምጧል። የሚቀበለው ግን የለም። ከእኔ ቪዲዮ በምን ይለያል?

ወደ ሰሜን ምዕራብ እንሂድ። ቅማንትኛ የአገው ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ከ170 ሺህ በላይ ነበር፤ ቋንቋው አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞላም። የቋንቋ ምሁሩ ዘለዓለም ልየው ቅማንትኛ ቦታውን ለአማርኛ እንዴት እየለቀቀ እንደሄደ መጽሐፍ ጽፎበታል። ቋንቋ በአንድ ቀን አይጠፋም። መጀመሪያ ከገበያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ከልጆች ጨዋታ፣ በመጨረሻ አያቶች ብቻ እርስ በርሳቸው የሚያወሩበት ይሆናል። አያት በቋንቋዋ ትጠይቃለች፣ የልጅ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል። ያው የሰርጉ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ላሳያችሁ። ግዕዝ ቤት ውስጥ የሚነገርበት ዘመን ካለፈ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኖታል። እናት ልጇን በግዕዝ «ና ብላ» አትለውም። በእኛ ስሌት ግዕዝ ከጋፋትኛ ቀድሞ መጥፋት ነበረበት። ግን በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዛሬም ወልድያም፣ መርሳም፣ ላሊበላም ይቆማል። ለምን? የዜማ ምልክት ስለተጻፈለት ብቻ አይደለም። ማኅሌት ላይ ቆማችሁ ካያችሁ መልሱ ፊት ለፊት አለ፦ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ። ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው ይቆማሉ፤ ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፣ ግራው ሲመራ ቀኙ ይቀበላል። ሥርዓቱ ራሱ ተቀባይ ከሌለ አይቆምም። ስለዚህ ተቀባይ ማፍራት የትምህርቱ ዋና ሥራ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ዓመታት የሚፈጅበትም ለዚህ ነው። ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነው። በዓል በየወሩ፣ በየዓመቱ ይመጣል። ማንም «ግዕዝ እንዳይጠፋ» ብሎ አይቆምም። የሚቆመው በዓል ስለሆነ ነው።

ከድቤው ጥግ

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የአረብኛም የግዕዝም። ግን ረጃጅም መንዙማዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ትላለች። የት ተማርሽው ስላት ጥያቄው ራሱ ይገርማታል። «የት እማራለሁ? እየተቀበልኩ።»

ወሎ የመንዙማ አገር ነው። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉስን ያቀኑት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የመውሊድን በዓል በወሎ ታላቅ ጉባኤ አደረጉት፤ ጀማ ንጉስ እስከ ዛሬም በመውሊድ ይታወቃል። ወደ እኛ ሲመጣ፣ በየጁ ምድር፣ ዳና አለ። እ.አ.አ በ1903 ያረፉት የዳናው ሼህ አሕመድ ቢን አደም ያቀኑት የትምህርት ማዕከል ነው። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ደግሞ በመንዙማ ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የዘመኑን የፖለቲካ ጭንቀትም ጭምር ተናግረውበታል። የወሎን እስልምና ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የእነዚህን ሼሆች ሕይወት በመጽሐፋቸው አስቀምጠውታል።

ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፦ ከእነዚህ መንዙማዎች ብዙዎቹ በአማርኛ ናቸው፣ የተጻፉት ግን በአረብኛ ፊደል ነው። ዐጀም ይባላል። አማርኛ በሁለት ፊደል ተጽፏል ማለት ነው። መንዙማ ውስጥ አማርኛው፣ አረብኛው፣ ኦሮምኛው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አያቴ ኦሮምኛ አትናገርም፤ መንዙማዋ ውስጥ ግን ትርጉማቸውን በግምት ብቻ የምታውቃቸው የኦሮምኛ ቃላት አሉ። እኛ የረሳነውን ጉርብትና ዜማው አልረሳውም።

መንዙማ እንዴት ይተላለፋል ብትሉ፣ መጽሐፉ የሚረዳው የተማረውን ነው። ያልተማረው ብዙኃን የተማረው ከድቤው ጥግ ተቀምጦ ነው። ልጅ ሆነህ ትገባለህ፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይቀርባል፣ አዝማቹን ትቀበላለህ። ሃያ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ። አንድ ቀን አውጪው ድምፁ ሲዘጋ ዞር ብሎ ያይሃል። አንተም ስንኙን ታውቀዋለህ። እንዴት እንዳወቅኸው አታውቅም። መቀበል ማጀቢያ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ እሱ ነበር። ተቀባይ ሆኖ ያልቆየ ሰው አውጪ አይሆንም።

ከዚያ ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ዩቲዩብ መጣ። ጥቅማቸውን አልክድም። መሐመድ አወል ሐምዛን የመሰሉ የመንዙማ ባለሙያዎችን ድምፅ ወሎን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ያደረጉት እነሱ ናቸው። ግን በካሴቱ ውስጥ ተቀባዩም አብሮ ተቀርጿል። ቤት ውስጥ ስታዳምጡ የእናንተ ቦታ ተይዟል። መስማት ብቻ ነው የቀረላችሁ።

ሽንኩርቱና ጅጌው

ይህ ሁሉ የወጣቱ ስንፍና ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። «ስልክ በላቸው» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ግን እኔ የሚታየኝ ሌላም አለ።

ግራና ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ቆላ ነው። አያቴ የምታስታውሰው የሥራ ዘፈን ሁሉ የጅጌ ነው፤ አረም ላይ፣ አጨዳ ላይ፣ ውቂያ ላይ። ጅጌ ማለት ዛሬ ለእኔ ትሠራልኛለህ፣ ነገ ለአንተ እሠራለሁ ማለት ነው። ሃያ ሰላሳ ሰው አንድ ማሳ ላይ በአንድ ምት ካልሄደ ሥራው ይበላሻል፤ ምቱን የሚጠብቀው ዘፈኑ ነበር። ከዚያ መስኖ እየሰፋ መጣ። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት የሚባለውን ስም በአካባቢያችን የማያውቅ የለም፤ የከርሰ ምድር ውኃ ወጣ፣ ፓምፕ ገባ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ መመረት ጀመረ። ሽንኩርት የሚነቀለው በቀን ሠራተኛ ነው። የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ ማሳ፣ ሌላ ሰው ጋ ነው። አብሮት የሚያርመውን ሰው ስም ላያውቅ ይችላል። ምን ብሎ ይቀበለዋል?

ሽንኩርቱን አልራገምም። የእኔን የዩኒቨርሲቲ ወጪ የሸፈነው እሱ ነው። የምለው ይህን ነው፦ ዘፈኑን የወሰደው ቲክቶክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልክ በመቀማት እንመልሰው ነበር። ዘፈኑ ግን የቆመው በአንድ የሥራ ስምምነት ላይ ነበር። ስምምነቱ ሲቀየር ዘፈኑ ሥራ ፈታ።

ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት እናስቀምጠው?» ብቻ አይደለም። «ምን ሥራ እንስጠው?» ነው።

ነሐሴ 16

ሥራውን ያላጣ ዜማ ማየት የሚፈልግ ነሐሴ ላይ ወደ ሰሜን ይምጣ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይወጣል። ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን በቡድን ሆነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

ይህ በዓል ለምን ጠነከረ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ቀን አለው። ሁለተኛ፣ ባለቤት አለው፤ የልጃገረዶቹ ነው፣ ማንም አይቀማቸውም። ሦስተኛ፣ ብቻሽን መውጣት አትችዪም። ቡድን ያስፈልጋል፣ ቡድን ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። ትንሿ እህት ከኋላ ሆና ትቀበላለች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከፊት ትሆናለች። ማንም ሥልጠና አላዘጋጀላትም።

ዋግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ቋንቋው። ኽምጣና፣ ብዙዎቻችን በደፈናው አገውኛ የምንለው፣ በሰቆጣና በአካባቢው ይነገራል። ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ አሚኮም ይተላለፍበታል። እነዚህ ትልቅ ነገሮች ናቸው፤ ለቋንቋው ሥራ ሰጥተውታል። ግን ሻደይ የሚያደርገው ከሁለቱም ይለያል። ትምህርት ቤት ኽምጣና ፈተና ነው፤ ሬዲዮ ላይ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሻደይ ላይ ግን ጓደኛሽ ስታወጣ ካልተቀበልሽ ታፍሪያለሽ። በቋንቋ መዘፈን በራሱ ደስታ ሲሆን ማንም «ቋንቋችሁን ጠብቁ» ብሎ ስብሰባ መጥራት አያስፈልገውም።

የሻደይና የሶለል ቪዲዮዎች ቲክቶክን ሲሞሉ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ፦ ካሜራው ሁልጊዜ ከፊት ያለችውን ቆንጆ ነው የሚያሳየው። ከኋላ ያሉት ተቀባዮች ብዥ ብለው ነው የሚታዩት።

መመለስ የሌለበትም አለ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ያ የሰርግ ዜማ በጣም ያሳዝናል። ለምን እንደሚያሳዝን የገባኝ አያቴን ስጠይቃት ነው። እሷ የተዳረችው በ13 ዓመቷ ነው። ዜማው ሲወጣላት እያለቀሰች እንደነበር ነገረችኝ፤ የለቅሶው ዜማ የተሠራው ለሚያለቅስ ልጅ ነው። በአደባባይ «አልፈልግም» ማለት ለማትችል ልጅ፣ ሴቶቹ በዜማ ያሉላት ነበር።

የአክስቴ ልጅ በ26 ዓመቷ፣ ዲግሪዋን ይዛ፣ የመረጠችውን ነው ያገባችው። እየሳቀች ነው የወጣችው። እንግዲህ ያ ዜማ ለእሷ ምኗ ነው? ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሕጉ ከልክሎታል፣ ይከልክለውም። ዜማውን ለማዳን ብሎ ያንን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ካለ እኔ የለሁበትም።

ግን አያቴ ራሷ ከእኔ ቀድማ መልሱን አግኝታዋለች። ያን ቀን ያወጣችውን ስንኝ ደጋግሜ ስሰማው፣ ለእሷ ከተወጣላት የተለየ ነው። የልጅቷን ትምህርት አስገብታበታለች፣ ደሞዟን አስገብታበታለች፣ ከደሴ የመጣውን ሙሽራ ትንሽ ሸንቆጥ አድርጋዋለች። ዜማው ያው፣ አዝማቹ ያው፤ ነገሩ አዲስ። ዜማ በሕይወት ሲኖር እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ከዘመኑ ጋር ይከራከራል። የተቀረጸ ዜማ ግን መከራከር አይችልም፤ የተባለውን ብቻ ይደግማል።

የማኦሪ አያቶች

ኒውዚላንድ የሚኖሩት ማኦሪዎች እ.አ.አ በ1970ዎቹ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ብቻ ሲናገሩ ደነገጡ። ቋንቋውን በደንብ የሚያውቁት አያቶች ነበሩ። መሃሉ ላይ ያለው ወላጅ ትውልድ አልያዘውም። ምን አደረጉ? እ.አ.አ በ1982 ኮሀንጋ ሬኦ የሚባል ነገር ጀመሩ፤ «የቋንቋ ጎጆ» እንደማለት ነው። አያቶችንና ሕፃናትን አንድ ቤት ውስጥ አገናኙ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚነገረው ማኦሪኛ ብቻ ነው። ዘፈን፣ ጨዋታ፣ ምግብ፣ ቁጣ፣ ሁሉም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎጆዎቹ በመቶዎች ሆኑ፤ እ.አ.አ በ1987 ማኦሪኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ። ችግሩ ዛሬም አላለቀም፣ ግን ቋንቋው ተቀባይ አገኘ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ በጀትና ስለ ሕንፃ ነበር። ከዚያ ሳቅሁ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቤት፣ በየቀኑ፣ ለአንድ ሰዓት ቁጭ የሚሉበት ነገር እኛ ጋ አለ እኮ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሕንፃ የለውም፣ በጀት የለውም፣ ሲኒው ይታጠባል፣ ይቀጥላል። የጎደለው በዚያ ሰዓት ስልካችን ላይ አለመሆን ብቻ ነው።

ኔት ሲጠፋ

የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ልኬው ነበር። «ዳታ ቤዝ እንሥራ» እያልኩ ሌሎችም እንዲልኩ ወተወትኩ፤ ዘጠኝ ቅጂ ተሰበሰበ። ከዚያ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት። ግራና ላሉት ዘመዶቼ ግሩፑ ባዶ ሆነ። ለእኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ይከፈትልኛል፤ ዜማው ባለበት አገር ላሉት ግን አይከፈትም። አያቴ አፍ ውስጥ ያለው ግን ዳታ አይፈልግም ነበር።

መንገዱ ሲመች ወደ ግራና ወረድኩ። ካሜራ ለማስቀመጥ ሳይሆን ለመቀበል። ቀላል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አዝማቹ ሦስት ቃል ነው፤ ግን የሚገባበት ቦታ አለ፣ ትንሽ ቀደም ካልኩ ስንኟን እቆርጥባታለሁ፣ ትንሽ ከዘገየሁ ምቱ ይወድቃል። አያቴ በሳቅ ሞተች። «ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሯት?» አለች። በሁለተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ፣ ያቺው ሙሽራ፣ ልጇን ታቅፋ መጣችና ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሴት ልጆች በር ላይ ቆሙ፤ «ግቡ» ሲባሉ ገቡ።

እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ፕሮጀክት የለኝም። ግን ለእናንተ፣ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት፣ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስትቀርጹ አውጪዋን ብቻ አትቅረጹ። ተቀባዮቹንም አሳዩ፣ ድምፃቸው ይሰማ። ነገ ሊማር የሚፈልግ ልጅ መግባት ያለበት እዚያ ነው። በቪዲዮው ግርጌ ላይ የት፣ መቼ፣ ለምን በዓል እንደተባለ ጻፉ። የሚባልበትን ቀን ያልያዘ ዜማ አድራሻ የሌለው ፖስታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙሉውን መማር አይጠበቅባችሁም። አንድ አዝማች ያዙ። አንድ። አውጪ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ተቀባይ ለመሆን ግን አንድ ቡና ይበቃል። የእኛ ችግር ሁላችንም ሌላው ይማረዋል ብለን መጠበቃችን ነው፤ ሁሉም እንዲኖር የሚፈልገው፣ ማንም ወጪውን ማውጣት የማይፈልገው ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠፋው።

ሦስተኛ፣ ሰርግ የምታዘጋጁ ከሆነ ለዲጄው ግማሽ ሰዓት ዕረፍት ስጡት። መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ።

አሁን ስልኬ ላይ ሁለት ቪዲዮ አለ። ሁለተኛው 6 ደቂቃ ነው፤ ምስሉ ያስጠላል፣ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ደግፌው ስለነበር ግማሹ ጀበና ነው። አያቴ ታወጣለች። ከዚያ ቆም ትላለች። በዚያ ቦታ ላይ ሰባት ስምንት ሰው አብሮ ይገባል፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዷ (ያችኛዋ እኔ ነኝ) ዘግይታ። አያቴ ፊቷን ትንሽ ታኮሳትራለች። ከዚያ አራተኛውን ታወጣለች። አምስተኛውን ታወጣለች።